ፊኛዬ ሰዓት የለመደበት ዓመት

ስትሮክ የመታኝ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ነው። የሰው ቤት ጣሪያ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ስጠግን ቆይቼ ከመሰላሉ እንደወረድኩ ፒንሳው ከግራ እጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቀጥሎ ግራ እግሬ ከሥሬ ከዳኝና መሬት ላይ ተዘረጋሁ። የቤቱ ባለቤት «ጀልጣ ነው፣ ጀልጣ» እያለ ሰው ሲጣራ ይሰማኛል፤ ሱዳኖች ስትሮክን እንዲህ ነው የሚሉት። ደህና ነኝ ልለው ፈልጌ ነበር፤ አፌ ውስጥ ያለው ምላስ ግን የሌላ ሰው ሆነብኝ።

ይህ የሆነው የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያኔ ወደ ስድሳ የተጠጋሁ፣ ሚስትም ልጅም የሌለኝ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ ካርቱም የኖርኩ ስደተኛ ነበርኩ። አገሬ ሳለሁ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ፖለቲካው ድንበር ሲያሻግረኝ ፊዚክሱ ወደ ፍሪጅና ማቀዝቀዣ ጥገና ተለወጠ። የምኖረው ዴም በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት ሱዳናዊት ሀጃ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ነው። ብቻዬን ግን አልነበርኩም። ድንበሩን አብሮኝ የተሻገረ ጓደኛ አለኝ፤ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል። እሱ ለአገራችን ሰዎች አስተርጓሚ ነው፤ ከነሱ ጋር ፖሊስ ጣቢያም፣ ፍርድ ቤትም፣ ሐኪም ቤትም ይቆማል። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት አይወጣም። ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ ሳያጥብ አይጠጣበትም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው ነው እኔን ለማጠብ የተፈረደበት።

ሆስፒታል ሳለሁ የሽንት ቱቦ አድርገውልኝ ስለነበር ስለ ሽንት የማስብበት ምክንያት አልነበረኝም። ቱቦው አልጋው ጎን ወደተንጠለጠለው ከረጢት ይወርዳል፣ ከረጢቱ ሲሞላ ይደፉታል፣ በቃ። እኔን ያስጨነቀኝ እጄና አፌ ነበር። ወደ ቤት ሊልኩኝ ሲሉ ቱቦውን አወጡት። ነርሱ ለሙከራ ፕላስቲክ ዕቃ ሰጠኝ፤ ሸናሁ። «ታማም»፣ ደህና ነው አለና ሄደ። እኔም ታማም የሆነ መስሎኝ ነበር።

ጓደኛዬና ያመጣን የራክሻ፣ የባጃጅ፣ ነጂ ግራና ቀኝ ደግፈው ቤት አስገቡኝ። አንገረቤ፣ የገመድ አልጋዬ፣ ላይ እንዳስቀመጡኝ ሀጃ መጡና ጤናማውን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ አገሩ ደንብ እግዜር ማረህ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ እያሉ ረጅሙን ሰላምታ ጀመሩ። በዚህ መሀል ሽንቴ መጣ። መጣ ስል እንደ ድሮው ከሩቅ እየተጣራ አይደለም። መምጣቱን ሳውቅና ሲወጣ እኩል ሆነ። ሙቀቱ ጭኔ ላይ ተሰማኝ፤ ከአንገረቡ ገመድ ሥር ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ሰማነው።

ሀጃ እጄን አልለቀቁም። ሰላምታቸውን እስከ መጨረሻው ድረስ ሳያቋርጡ ጨረሱ። ከዚያ «ሻይ ላምጣ» ብለው ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

ጓደኛዬ «ውሃ ላሙቅ» አለ።

«ተወው፣ ራሴ እለውጠዋለሁ» አልኩት። ምላሴ ስለተሳሰረ ሁለት ጊዜ መድገም ነበረብኝ።

«በየትኛው እጅህ?»

ሸሚዙን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለውና በካናቴራ ቀረ። ባልዲና ሳሙና አመጣ። ሱሪዬን ሲያወልቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እኔ ደግሞ ወደ ግድግዳው። ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ እያየ የታጠበው መታጠብ ምን ዓይነት እንደነበር መገመት አያዳግትም። ሲጨርስ ሌላ ሱሪ አለበሰኝ፣ ወለሉን አጠበ፣ ከዚያ ውጭ ወጥቶ እጁን ለረጅም ጊዜ ሲታጠብ ሰማሁት። ሻዩ ሲመጣ ስለ መብራት መቆራረጥ አወራን።

ሳምንቱ በዚሁ ቀጠለ። የግቢያችን ሽንት ቤት ሆሹ፣ ማለት ግቢው፣ ማዶ ጥግ ላይ ያለ የቁጢጥ ሽንት ቤት ነው። ግራ እግሬ አይታጠፍም፤ ከታጠፈም አይነሳም። ጓደኛዬ ሲኖር እሱን ተደግፌ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለን ይመጣብኛል። ሳይኖር ባልዲው አጠገቤ ይቀመጣል፤ ግን ቀበቶ ፈትቼ ቁልፍ ከፍቼ ዚፕ እስካወርድ በአንድ እጅ የሚፈጀው ጊዜ ከሽንቴ ትዕግሥት ይበልጥ ነበር። ሆዴ ደግሞ ጭራሽ ተዘጋ። ብዙ ቀን ምንም የለም፤ ከዚያ ሳላውቀው እንደ ውሃ የቀጠነ ነገር ያመልጠኝና የማውቀው በጠረኑ ነው። ድርቀት ነው ብዬ ላማርር ስል ተቅማጥ ይመስላል፤ ተቅማጥ ነው ስል ሆዴ እንደ ድንጋይ ነው። ያልገባኝ ነገር ነበር።

መፍትሔ ነው ብዬ ያሰብኩት ውሃ መተውን ነው። ካልገባ አይወጣም። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ስሌቱ ልክ መሰለኝ። ጓደኛዬ ጠዋት ሲወጣ ውሃ በጆግ ሞልቶ አጠገቤ ያስቀምጣል፤ እኔ ሁለት ጉንጭ ጠጥቼ የቀረውን በመስኮት እደፋዋለሁ። ጊዜው የካርቱም የበጋ ሙቀት ነው፤ ግድግዳው ራሱ ላብ የሚያወጣበት። ሽንቴ መጀመሪያ ቀነሰ፣ ደስ አለኝ። ቀጥሎ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቆረ፣ ሲወጣ ማቃጠል ጀመረ። መቀነሱም ቀርቶ በየደቂቃው ጠብታ ጠብታ ሆነ።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ለምሳ ሲመለስ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስንቀጠቀጥ አገኘኝ። እኔ የማስታውሰው የለም። እሱ እንደነገረኝ በስሙ ሳይሆን በሟች አባቴ ስም እጠራው ነበር፤ በቅሎዋን ጭነሃት ወይ እያልኩ። ሁለተኛ ስትሮክ መስሎት አገር ይያዝልኝ አለ። ሀጃ መኪና ያለው ጎረቤታቸውን ጠሩና ክሊኒክ ወሰዱኝ።

ሐኪሙ ሆዴን ሲጫን ጮህኩ። ደምና ሽንት መረመረ። ስትሮክ አይደለም አለ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፣ ሰውነቱ ውሃ አጥቷል፣ አንጀቱም ተዘግቷል። መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ፣ የተዘጋውንም አንዲት ነርስ በትዕግሥት ከፈተችው። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ስትጨርስ «አሁን ሰው ሆንክ» አለችኝና እውነትም ሆዴ ሲቀል ጭንቅላቴም አብሮ ቀለለኝ። ጓደኛዬን ሳየው በስሙ ጠራሁት። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ሐኪሙ ለእግሬና ለእጄ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። ባለሙያዋ ወጣት ሱዳናዊት ነች፤ «ያ ዓሚ»፣ አጎቴ እያለች ነው የምትጠራኝ። ክንዴን አነሳች፣ እግሬን ገፋች፣ አቁማ አየችኝ። ከዚያ ልክ ስለ አየር ጠባዩ እንደሚጠይቅ ሰው «ሽንትህስ እንዴት ነው? ሰገራስ?» አለችኝ።

«ታማም» አልኳት።

ጓደኛዬ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና ፍርድ ቤት ቆሞ በሚያስተረጉምበት ጥርት ባለ አረብኛ «ታማም አይደለም» አለ። «ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ አልጋው ደርቆ አያውቅም። ሲመጣበት አይደርስም። ሰገራ ቀናት ይቆይና ሳያውቀው ያመልጠዋል። ውሃ ይደፋል እንጂ አይጠጣም፤ ከመስኮቱ ሥር ያለው ሣር ለምልሟል።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ልጅቷ ግን አልደነቃትም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ያ ዓሚ፣ ይኼ ከጀልጣ በኋላ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። አያወሩትም እንጂ። አንተ እንደሆንክ ፊኛህ አልታመመም። ድሮ ፊኛህ ሲሞላ ለአንጎልህ ይነግረው ነበር፤ አንጎልህም ቆይ፣ ገና ነው ይለዋል። አሁን የተጎዳው ቆይ የሚለው ነው።»

«ቴርሞስታቱ ነዋ የተበላሸው» አልኳት።

ሥራዬን ስነግራት ሳቀች። «እሺ፣ ቴርሞስታቱ ነው። ቴርሞስታት ሲበላሽ ምን ታደርጋለህ?»

«እስኪጠገን በእጄ አበራለሁ አጠፋለሁ።»

«አንተም እንደዚያው ታደርጋለህ። ሽንቱ እስኪጠራህ አትጠብቅ። ቢመጣም ባይመጣም በሰዓቱ ሄደህ ተቀመጥ። መጀመሪያ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ፤ ደረቅ ሆነህ ስትቆይ ቀስ እያልክ ታራዝመዋለህ። ውሃ ደግሞ ጠጣ። ካልጠጣህ ሽንቱ ይከርና ፊኛህን ያስቆጣዋል፣ ሆድህንም ያደርቃል። የደረቀው ሲዘጋ ከኋላው ያለው ቀጭኑ በጎኑ ሾልኮ ያመልጥሃል፤ አንተ ተቅማጥ ይመስልሃል። ቀን ጠጣ፣ ፀሐይ ጠልቃ ከመግሪብ በኋላ ቀንስ። ሻይና ቡናም ቀንስ።»

ሆዴን በተመለከተ ደግሞ ከፉጡር በኋላ ተቀመጥ አለችኝ። ፉጡር ሱዳኖች ረፋድ ላይ የሚበሉት ዋናው ቁርስ ነው። ምግብ ሲገባ አንጀት ይነቃል፣ ያን ጊዜ ጠብቀህ ተቀመጥ፣ እግርህ መሬት ይርገጥ፣ ክርንህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ወደ ፊት ዘንበል በል፣ አታምጥ፣ ጊዜ ስጠው አለችኝ። ቁጢጥ ማለት ካልቻልክ ወንበር አሠራ። ይህን ሁሉ ስትናገር አንድም ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ከክፍሉ ስወጣ ከስትሮኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ የሆንኩ አልመሰለኝም።

ወንበሩን ያሠራነው እዚያው ሰፈር ካለ ብረት በያጅ ዘንድ ነው። ሀጃ ባላቸው ይቀመጡበት የነበረ መቀመጫው የተቀደደ የብረት ወንበር ሰጡን። እኔ ባንድ እጄ ሥዕሉን ወረቀት ላይ ሣልኩ፤ መቀመጫው ክብ ቀዳዳ ኖሮት፣ እግሮቹ ሰፋ ብለው፣ በቀኝ በኩል የምይዘው ረዘም ያለ እጀታ። በያጁ ሥዕሉን አየና ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሠራው። ሽንት ቤቱ ቀዳዳ ላይ አስቀመጥነው። ግድግዳው ላይም የውሃ ቧንቧ ብረት መያዣ አስመታን።

የቀረው ሰዓቱ ነበር። ጓደኛዬ ሲወጣ ማን ያስታውሰኛል? የእጅ ሰዓት አለኝ፤ ግን ያኔ ከስትሮኩ በኋላ አንድ ነገር ልብ ብሎ መጠበቅ ያቅተኝ ነበር፤ ሰዓቱን አይቼ ዘወር ስል እረሳዋለሁ። የማይረሳኝ ድምፅ ሰፈሩ ውስጥ ያለው የመስጊዱ አዛን ነው። ገና ሳይነጋ ሱብሒ ላይ ተነስቼ እሄዳለሁ። ከፉጡር በኋላ ረዘም አድርጌ እቀመጣለሁ። ከዚያ የቀትሩ ዙህር፣ የከሰዓቱ አስር፣ የምሽቱ መግሪብ፣ የማታው ኢሻ። በመሀል ክፍተቱ ሰፊ በሆነበት ጠዋት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ደወል አለ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የሰዎቹን የጸሎት ጥሪ ለዚህ ጉዳይ ማዋሌ ነውር መስሎኝ ለጓደኛዬ ብቻ ነው የነገርኩት። ሀጃ ግን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ግቢውን ሁሉ ያያሉ። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ዱላዬን ይዤ ሳዘግም ጠሩኝ።

«አዛን በሰማህ ቁጥር ትነሳለህ። ልትሰልም ነው?»

አፈርኩ። እውነቱን ነገርኳቸው፣ ይቅርታም ጠየቅሁ።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ምን ነውር አለው» አሉ። «አዛን ሲል ሰው ሁሉ የውሃ እብሪቁን ይዞ መጀመሪያ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል? ሂድ፣ ሳያመልጥህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዛን ብሎ እኔ ካልወጣሁ በረንዳቸው ላይ ሆነው በዱላቸው የብረቱን ምሰሶ ያንኳኩልኛል።

ገና ያስቸገረኝ ሱሪው ነበር። እኔና ጓደኛዬ ሱዳን በገባንበት ዘመን የተማማልነው አንድ የማይረባ ነገር ነበር። የሱዳኖቹን ረጅም ልብስ፣ ጀላቢያን፣ አንለብስም። ጀላቢያ የለበሰ እዚሁ ሊቀር ነው እንል ነበር፤ እኛ እኮ ልንመለስ ነው። ሌሎቹ ከሙቀቱ ተስማምተው ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው ሲንሸራሸሩ እኛ በሱሪና በቀበቶ እያላበን ዘመናችንን ጨረስን። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን ልብሴን አየችና ላስቲክ ያለው ሱርዋል የሚሉት ሰፊ ሱሪና ጀላቢያ ልበስ፣ በአንድ እጅ በቅጽበት ይወርዳል አለችኝ። ለቀናት እንቢ አልኩ። አንድ ቀን ሽንት ቤቱ ውስጥ፣ ወንበሩ ሥሬ ሆኖ፣ ዚፑ ላይ እየታገልኩ ሳለ አመለጠኝ። ደርሼ ነው ያመለጠኝ። በእግሬ ሄጄ፣ በሰዓቱ ደርሼ።

ጓደኛዬ ማታውኑ ጀላቢያ ይዞ መጣ። አለበሰኝ። ጨርሶ ራቅ ብሎ አየኝ።

«ምን እመስላለሁ?» አልኩት።

«ደረቅ ሰው ትመስላለህ» አለኝ።

ሆዴ ከፊኛዬ ቀድሞ ነው መስመር የያዘው። ጠዋት ሞቅ ያለ ውሃ፣ ረፋድ ላይ ፉል በዘይትና በሰላጣ፣ ትንሽ ተምር፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አልነበረም። ጓደኛዬ ሥራውን አዘግይቶ ከበሩ ውጭ ይቆማል።

«እህስ?»

«ሂድ ከዚህ፣ እየሰማኸኝ አልችልም።»

ጥቂት ራመድ ይልና ይመለሳል። «ዘንበል ብለሃል? ክርንህ ጉልበትህ ላይ ነው?»

«ፖሊስ ጣቢያ የሚጠብቅህ ሰው የለም?»

በሳምንቱ ገደማ፣ እንዲህ ስንነጋገር ሆዴ ራሱ ውሳኔውን ወሰነ። ሳላምጥ፣ በሰዓቱ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። «ምን ሆንክ?» አለ ጓደኛዬ። «ምንም አልሆንኩም፣ ጨረስኩ» አልኩት። ከበሩ ማዶ ሲተነፍስ ሰማሁት። ዲግሪዬን የተቀበልኩ ቀን ያን ያህል ደስ እንዳላለኝ ስነግረው አላመነኝም።

ሁሉም እንዲህ እየተቃና ብቻ ነበር ብል ውሸት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የአስር አዛን ሳይደርስ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ የጓደኛዬ አልጋ ላይ ተኝቼ ነበር፤ የሱ ነፋሻ ስለሆነ። ስነቃ አልጋው ብቻ ሳይሆን ለነገ ተኩሶ እግርጌ ያስቀመጠው ሸሚዙም ርሷል። ከሥራ ሲገባ አየው። ሸሚዙን ባልዲ ውስጥ ከተተና ውጭ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ተከትዬው ወጣሁ።

«ከጠላኸው ንገረኝ» አልኩት። «ሀጃ ሰው እንቅጠር ብለዋል።»

«ጠላሁት አላልኩም» አለ፤ ወደ እኔ አላየም። «ደከመኝ። ቀን የሰው ችግር ሳስተረጉም እውላለሁ፣ ማታ እዚህ እገባለሁ። ደከመኝ ማለት አልችልም? አንተ ብቻ ነህ የምትደክመው?»

«ትችላለህ።»

«በቃ ደከመኝ።»

እዚያው ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ ነገሩን ከፈልነው። ቀን ቀን ራሴን ማጠብ ተማርኩ፤ ባልዲው ወንበር ላይ ከፍ ብሎ ተቀመጠልኝ፣ ሳሙናው በክር ታሰረ፣ ፎጣው ምስማር ላይ። ቆዳዬ እንዳይቆስል ታጥቤ በደንብ አደርቀውና ቫዝሊን እቀባለሁ። አንሶላዬ ሥር ፕላስቲክ ተነጠፈ፣ ለማታ አፉ ሰፊ ጠርሙስ አንገረቤ ሥር ተቀመጠ። አርብ አርብ ደግሞ ከሀጃ ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ሴት የከበዱትን አንሶላዎች ልታጥብልን ተስማማች፤ ጓደኛዬም አርብን ተኝቶ ማርፈድ ጀመረ። ከዚያ ቀን በኋላ ሲያጥበኝም ፊቱን ወደ መስኮቱ ማዞር ተወ።

አርብ ከሰዓት ሳጃና ሰፈር ባለ አንድ የኢትዮጵያውያን ቡና ቤት ውስጥ የኛ ዘመን ሰዎች ይሰበሰባሉ። አብዛኞቹ እንደኛ በፖለቲካ የተሰደዱ ናቸው። ስለ አገር ይከራከራሉ፤ ክርክሩ እኛ ወጣት ሳለን የጀመረና ያላለቀ ነው። ከታመምኩ ጀምሮ አልሄድኩም። ለሚልኩልኝ ሰላምታ መልስ እየላክሁ ወራት አለፉ። ሦስት ሰዓት ገደማ ደረቅ ሆኜ መቆየት ስጀምር ፊዚዮቴራፒስቷ «አሁን ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። ከመውጣትህ በፊት ሂድ፣ እንደደረስክ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ እይ፣ በር አጠገብ ተቀመጥ፣ ቅያሪ ሱርዋል ያዝ፤ ይኸው ነው አለች።

ጀላቢያ ለብሼ ስገባ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እኚህ ሰው በድሮው ፖለቲካ ከኔ ተቃራኒ ወገን የነበሩ ናቸው፤ ሃያ ምናምን ዓመት ስንከራከር አንድም ጊዜ ልክ ነህ ብለውኝ አያውቁም።

«አንተም ተሸነፍክ?» አሉኝ ወደ ጀላቢያው እያመለከቱ።

«ተሸነፍኩ ጋሼ» አልኳቸው። ሁሉም ሳቀ፤ ቦታ ለቀቁልኝ።

ክርክሩ ተመለሰ። ምላሴ ቀስ ይላል እንጂ እኔም ገባሁበት። ከመንገዱ ማዶ የአስር አዛን ሲል ግን ጋሼ ንግግራቸው መሀል ነበሩ፤ እሳቸው ሲናገሩ ሰው አይነሳም። ጓደኛዬ አየኝ። እኔም አየሁት። ልቆይ ወይስ ልነሳ? ስንት ነገር አልፌ በጋሼ ንግግር ምክንያት እዚህ ልርስ? ዱላዬን ተመርኩዤ ተነሳሁ።

«ወዴት? መልስ የለህማ» አሉ ጋሼ።

«ሽንት ቤት ነው ጋሼ። ከስትሮኩ ወዲህ በሰዓት ነው የምሄደው። ካለፈኝ ያመልጠኛል። ስመለስ እመልስልዎታለሁ።»

እንዲህ በግልጽ እናገረዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ወጣልኝ። ማንም አልሳቀም። አንዱ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አሳለፈኝ። የቡና ቤቱ ሽንት ቤት የቁጢጥ ቢሆንም ጓደኛዬ ከኋላ ብብቴን ይዞኝ ቆሜ ጨረስኩ። ተመልሼም ለጋሼ መለስኩላቸው፤ እንደ ልማዳቸው አልተቀበሉኝም።

ልንወጣ ስንል በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ጓደኛዬን «አንተ ራክሻ ፈልግ» ብለው አራቁት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ያልከው ነገር… በሰዓት መሄዱ። ይሠራል?»

«ለኔ ሠርቶልኛል ጋሼ። እርስዎም…»

«እኔን ጀልጣ አልመታኝም። ግን ሄጄ እቆማለሁ፣ አይመጣም። ስመለስ ደግሞ ይንጠባጠባል። አሁን አሁን ውጭ ስወጣ ውሃ አልጠጣም።»

የኔውን የመስኮት ሥር ሣር አስታወሰኝ። «ጋሼ፣ ይኼ በሰዓት በመሄድ አይድንም። ሐኪም ማየት አለበት። ውሃም አይተዉ» አልኳቸው።

«ለማን ነው የምናገረው? ልጆቼ አማርኛቸው አያደርስም፤ በአረብኛ ደግሞ እኔ አፍራለሁ።»

«አስተርጓሚ አለን» አልኳቸው።

በሳምንቱ ክሊኒክ ይዘናቸው ሄድን። ሦስታችንም አንድ ራክሻ ውስጥ ተጠጋግተን፣ እኔ ዱላዬን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ። ገና ከዴም ሳንወጣ ጋሼ «አቁምልኝ» አሉ። ራክሻው አጥር ሥር ቆመ፤ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ብዙ ቆዩ፣ ተመለሱ። ጥቂት እንደሄድን እኔ «አቁም» አልኩ፤ ጓደኛዬ ወርዶ ደገፈኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ጋሼ ሲያስቆሙ ወጣቱ ነጂ ሞተሩን አጠፋና መሪው ላይ ተደገፈ።

«ያ ጀመዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ እንደርሳለን?»

«ኢንሻላህ» አለ ጓደኛዬ።

ልጁ ሳቀ። አባቱም እንዲሁ እንደሆኑ፣ ከቤት መውጣት እንደተዉ ነገረን። ከዚያ ወዲያ ራሱ ጥላ ያለበት አጥር ባየ ቁጥር ፍጥነቱን እየቀነሰ ወደ ኋላ ዞሮ ያየን ነበር።

የጋሼ ነገር ፕሮስቴት ሆነ። ጓደኛዬ ከሐኪሙ ፊት ቆሞ ሁሉንም በዚያ ጥርት ባለ አረብኛው ተናገረ፤ ጋሼ ኮርኒሱን እያዩ ሰሙት። በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ ዳኑም። እኔ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አልሆንኩም። ስስቅ ወይም ሳስነጥስ አንዳንዴ ጠብ ይልብኛል፤ ውሃ የሚፈስበት ድምፅ ስሰማ መፍጠን አለብኝ። ግን እወጣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እጠጣለሁ። ጎረቤቶች የተበላሸ ማራገቢያ ሲያመጡልኝ በቀኝ እጄ እየፈታሁ፣ ጓደኛዬ አርብ ሲያርፍ ብሎኖቹን እንዲይዝልኝ እያዘዝኩት መሥራት ጀመርኩ። ብሎን መያዝ አይችልበትም፤ ሁሉንም ይጥላቸዋል።